ስለ ልጆቻችን የሚጻፈውን ደብዳቤ እናንተው ጻፉልን

ይድረስ፦ በባሕር ዳር ከተማ ለምትገኙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራን፣ ለሪከርድ ክፍል ሠራተኞችና ለ11ኛና 12ኛ ክፍል ስም ጠሪ መምህራን

ግልባጭ፦ ልጁ «ውጭ ላመልክት ነው» ላለው ወላጅ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ወደ ውጭ ዩኒቨርሲቲ ለሚያመለክቱ ተማሪዎች የሚሰጠውን ትራንስክሪፕትና የድጋፍ ደብዳቤ ይመለከታል

እንደምን ከርማችኋል? ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ፔዳ በር አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ የሞዴል ፈተና ስታስባዙ አብሬያችሁ የማመሸው እኔ ነኝ። በዚህ ሥራ 14 ዓመት ስለቆየሁ የከተማውን ማኅተም ከነጉድለቱ አውቀዋለሁ። የማን ክብ ማኅተም ጠርዙ እንደተበላ፣ የማን ቲተር ቀለሙ እንደደረቀ ብትጠይቁኝ ሳላይ እነግራችኋለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን በእናትነቴ ነው። ትልቋ ልጄ በ2017 አመልክታ ነበር፤ ታናሽ ወንድሟ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ነው።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከአንድ ልጅ ልጀምር። ባለፈው ጥቅምት ፍላሽ ይዞ ሱቄ ገባ። «እትዬ፣ ይቺን አስተካክለሽ አትሚልኝ» አለኝ። ከፈትኩት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የመምህር የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ልጁ በሰዓቱ ይገኛል፣ ታታሪ ነው፣ ትሑት ነው፣ በማስተማር ዘመኔ እንደ እሱ ያለ አላየሁም ይላል። «ማን ጻፈው?» አልኩት። «እኔ ነኛ። ቲቸር ጽፈህ አምጣና እፈርምልሃለሁ አለኝ።» ምንም አላፈረም። ስለ ራሱ «ትሑት ነው» ብሎ የጻፈ ልጅ እስከዚያ ቀን ድረስ አይቼ አላውቅም። እየሳቅኩ አተምኩለት። በዚያው ሳምንት ያንኑ ደብዳቤ ይዘው ሌሎች ሦስት መጡ፤ ስሙ ብቻ ተቀይሯል። አንደኛዋ ሴት ልጅ ናት፤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «እሱ» የሚለው ሳይቀየር ቀርቶ ነበር። እዚያ ላይ ሳቄ ጠፋ።

መምህሩን አልወቅስም። 60 እና 70 ተማሪ በአንድ ክፍል የሚያስተምር ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፍ ሲባል ምን እንደሚሰማው አላጣሁትም። ደግሞም ማንም አልነገረውም። ወረቀቱ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያነበው፣ ለምን እንደሚፈለግ ቢያውቅ ኖሮ እንዲያ ባላለ ነበር። እኔም የተማርኩት ልጄ ስታመለክት ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ እንዲህ ነው። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ የሚቀበሉት ኮመን አፕ በሚባል አንድ ድረ ገጽ ነው፤ ኤምአይቲን የመሰሉ ሌሎች ደግሞ የራሳቸው ቅጽ አላቸው። ልጁ እስከ 650 ቃል የሚደርስ ድርሰት ይጽፋል፤ ከክፍል ውጭ የሚሠራውን እስከ 10 ድረስ ይዘረዝራል። የቀረው የትምህርት ቤቱ ድርሻ ነው። ትራንስክሪፕቱ፣ ስለ ልጁ የሚጻፍ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ፣ ትምህርት ቤቱን የሚያስተዋውቅ አንድ ገጽ፣ ከዚያ የአንድ ወይም የሁለት መምህራን ደብዳቤ፣ የ12ኛ ክፍል አንደኛ ሴሚስተር ሲያልቅ ደግሞ ውጤቱ። ይህ ሁሉ በተማሪው እጅ አያልፍም፤ ከትምህርት ቤቱ በኢሜይል ሊንክ በቀጥታ ይገባል። ልጁ ሲያመለክት «ስለ እኔ የተጻፈውን የማንበብ መብቴን ትቻለሁ» የሚል ቦታ ላይ ይፈርማል፤ አብዛኞቹ ይፈርማሉ። እዚያ ማዶ ያለው አንባቢ ደብዳቤውን እንደ ምስክር ቃል አድርጎ ነው የሚያየው። ባለጉዳዩ ራሱ ጽፎ ያመጣውን የምስክር ቃል የሚቀበል ዳኛ ባሕር ዳርም የለ፣ ቦስተንም የለ።

ቀኑም የእኛን የትምህርት ካላንደር አይጠብቅም። ቀደም ብሎ ማመልከት ለሚፈልግ ጥቅምት 22፣ ለዋናው ዙር ታኅሣሥ 23 አካባቢ ያልቃል፤ የኮመን አፑ በእኛው ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 5፡59 ነው። ለትምህርት ቤት ወረቀት ጥቂት ቀን ይታገሳሉ፤ ለልጁ ግን አይታገሱም።

አሁን ወደ እኛ ቤት። ልጄ በመስከረም 2017 ትራንስክሪፕት ልትጠይቅ ሄደች። «የ12ኛ ውጤት ሳይሞላ ትራንስክሪፕት አይሠራም፤ ስትጨርሺ ትወስጃለሽ» ተባለች። ሠራተኛዋ ልክ ናት፤ የለመደችው ትምህርት የጨረሰ ተማሪ ነው። እዚህ ግን የሚፈለገው ከ9ኛ እስከ 11ኛ ያለው ነው፤ የ12ኛው በኋላ ይከተላል። ይህን የሚያስረዳ ሰው እስኪገኝ 3 ሳምንት ሄደ። እኔ ራሴ ሄጄ ሪከርድ ክፍሉ በር ላይ ቆምኩ። ሮስተሮቹ በየዓመቱ በሲባጎ ታስረው ጣሪያ ደርሰዋል፤ የ2015ቱ ከሥር ነው። «እህቴ፣ እኔ ላወርደው» አልኳት። ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። አቧራው ልብሴን ሞላው፤ እሷም ሳቀች፤ በዚያው ቀን ሠራችልን። ከዚያ ወዲህ ስንገናኝ እንሳሳማለን።

ያቺ ስታልፍ የኢሜይሉ ጉዳይ መጣ። ልጄ የትምህርት ቤቱን አድራሻ ከራስጌ ወረቀቱ ላይ ገልብጣ ሞላች። ሊንኩ ተላከ። ጠበቅን። ጥቅምት 18 ቀን ርዕሰ መምህሩን ስትጠይቅ ኢሜይሉን የከፈተው የአይሲቲ መምህር ሥራ ከለቀቀ 3 ዓመት እንደሆነውና የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ተረዳች። ራስጌ ወረቀቱ ላይ ግን አድራሻው እስከ ዛሬ አለ፤ ያተምኩት እኔው ነኝ። የጥቅምት 22ቱ ዙር እንዲህ አለፈን። ለታኅሣሡ በርዕሰ መምህሩ በግል ስልካቸው ላይ ባለው ኢሜይል ተላከ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄ መጥተው አንድ በአንድ ሞሉት።

የልጄን የፊዚክስ መምህር ነገር ልንገራችሁ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት በእሱ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። በክረምት ኮፒ ማሽኔ ጃም ያደርጋል። ነሐሴ ላይ ከአንድ ደስጣ ወረቀት 20 ጊዜም 25 ጊዜም ይነክሳል። እኔ ማሽኑን ስረግም ልጄ ወረቀቱን ከጎናችን ካለው የቅመም ሱቅ ወስዳ መዘነችው። አንዱን ደስጣ እንደተከፈተ ከመደርደሪያ፣ ሌላውን ምድጃ አጠገብ ካዋለችው በኋላ። የ70 ግራም ያህል ልዩነት አገኘች። «እማ፣ ወረቀቱ ጣናን እየጠጣ ነው» አለችኝ። ከዚያ የሳሙና ካርቶን ውስጥ 40 ዋት አምፖል ሰቅላ ወረቀቱን እዚያ ማሳደር ጀመረች፤ በየደስጣው ስንት ጊዜ እንደነከሰ በሒሳብ ደብተሬ ጀርባ ትጽፋለች። ወደ 4 ወረደ። ያ ደብተር አሁንም ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ከፊት የዱቤ ስም ዝርዝር፣ ከኋላ የልጄ ቁጥር።

መምህሩ ፈተና ሊያስባዛ መጥቶ ካርቶኑን አየ። «ይሄ እሳት ያስነሳል» ብሎ ተቆጣ። ልጄ ተከራከረችው። በማግስቱ ቴርሞሜትር ይዞ መጣ። ደብዳቤውን ሲጽፍ ይህን ጻፈ። ሊያስተይብ ሲወጣ ሱቄ መጣ መስሎኝ ነበር። «አይ እትዬ፣ የልጅዎ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አላስተይብም» ብሎ መንገዱን ተሻግሮ ሌላ ቤት ሄደ። ገንዘቡን ለሌላ ሲከፍል እያየሁ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው ምን እንደጻፈ የነገረኝ። የካርቶኑን ነገር ጽፏል፤ ከእሱ ጋር ተከራክራ እንደረታችው ጽፏል፤ በቡድን ሥራ ላይ ቀርፋፋ ልጅ ሲያጋጥማት ትዕግሥት እንደሚጎድላትም ጽፏል። እውነቱን ነው፤ ይጎድላታል። እንግሊዝኛው ሰባራ እንደነበር እሱ ራሱ ይናገራል። ቢሆንም ያን ደብዳቤ እሷን የማያውቅ ሰው ሊጽፈው አይችልም።

ስለዚህ «ጎበዝና ትሑት» የሚለውን ተዉትና አንድ ቀን ያያችሁትን ጻፉ። ልጁ የትኛውን ጥያቄ ጠይቆ አስቸገራችሁ? እናቱ በታመመች ጊዜ እንዴት ነበር? ላብራቶሪ ሳይኖር ምን ፈጠረ? ግማሽ ገጽ ይበቃል።

ስለ ምልክትም ላንሳ፤ የሚያስቀይም ቢሆንም። አንዳንዶቻችሁ ልጁ «ውጭ ሊያመለክት ነው» ስትባሉ ካርዱ ላይ እንዳይጎዳ ብላችሁ ከፍ ታደርጉለታላችሁ። በርኅራኄ እንደሆነ አውቃለሁ። እስኪ የምሠራበትን ወረቀት በዐይኔ እዩት። አማካይ 97፣ ከ58 ተማሪ 9ኛ። ይህን ያየ አንባቢ ከፊቱ ያሉት ስምንቱ ስንት እንዳመጡ ያስባል፤ ከዚያ ቁጥሩን ሁሉ መጠርጠር ይጀምራል። በሌላ በኩል እውነተኛ 78 ያለው ልጅ አለ። አሜሪካን አገር 78 ማለት ሲ ፕላስ ነው፤ ተራ ውጤት። እዚህ ግን ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። ይህን ለአንባቢው የሚነግረው ትምህርት ቤቱን የሚያስተዋውቀው ያ አንድ ገጽ ነው። ስንት ተማሪ አላችሁ፣ በክፍል ስንት ይቀመጣል፣ የማለፊያ ነጥብ ስንት ነው፣ ብሔራዊ ፈተናው እንዴት ያለ ነው፣ በ2016 የሞባይል ዳታ ጠፍቶ ልጆቻችን ዋይፋይ ፍለጋ ሆቴል በረንዳ ላይ ተኮልኩለው ያጠኑ እንደነበር፤ ይኸው ነው። አንዴ ከተጻፈ በየዓመቱ ቁጥሩን ማደስ ብቻ ነው። ምልክት ከመጨመር ይልቅ ይህ ገጽ ልጁን ይጠቅመዋል።

ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው። የማመልከቻ ክፍያ በየዩኒቨርሲቲው ነው፤ ልጄ ስታመለክት ኤምአይቲ 75 ዶላር ነበር። አቅም ለሌለው ብዙዎቹ ያነሡለታል። ኮመን አፕ ላይ ይህን የሚያረጋግጠው የትምህርት ቤቱ ሰው ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ። ብር ሐምሌ 2016 ከተንሳፈፈ ወዲህ 75 ዶላር የሱቄን ስንት ቀን ገቢ እንደሚበላ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ለመግቢያ የሚጠየቀው የኤስኤቲ ፈተና ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ በብር ካርድ መክፈል ስላልቻልን ዲሲ ያለው ወንድሜ ከፈለልን። ፈተናውን በኮሮና ጊዜ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ትተውት ነበር፤ ኤምአይቲ በ2014፣ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ዳርትማውዝና ብራውን በ2016 መልሰናል ብለዋል። ለመፈተን አዲስ አበባ መሄድ ነበረባት። በመኪና መሄዱን ስላልደፈርን በአውሮፕላን ላክኋት፤ ለጥናቱ ግን ካን አካዳሚ የሚባለው ድረ ገጽ በነፃ ስለሚሰጥ አንድ ሳንቲም አላወጣሁም።

ለወላጆች አንድ ነገር ብቻ። «ፕሮሰስ እናደርጋለን» ለሚሏችሁ ገንዘብ አትስጡ። ሱቄ ውስጥ ቆሞ 30 ሺህ ብር የከፈለበትን ወረቀት ያሳየኝ አባት አለ፤ የተከፈለበት ሥራ ልጁ በነፃ የሚሞላው ቅጽ ነው። ሌላው ደግሞ የቀበሌ ማኅተም ስካን አድርጌ ቁጥር እንድቀይርለት ለመነኝ፤ መልሼዋለሁ። ሌላው ልጄን «አባቴ ሞቷል ብለሽ ጻፊ፣ ይራራሉ» አላት። አባቷ እዚያው ቆሞ ቶነር እየሞላ ነበር! ምክር የሚፈልግ ሰው በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል የሚሠራው ኤዱኬሽን ዩኤስኤ አለ፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

ደግሞ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ለውጭ አገር ተማሪ ገንዘብ እንደሚሰጥ ሳታዩ አታመልክቱ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትማውዝና ቦውደን ከሚገኙባቸው ጥቂቶች በቀር ብዙዎቹ «ገንዘብ ትፈልጋለህ?» ለሚለው የተሰጠውን መልስ ለመቀበልና ላለመቀበል ይቆጥሩታል። እነዚህ ጥቂቶቹ ደግሞ እንደ መርፌ ቀዳዳ ናቸው፤ ሃርቫርድ ከ100 አመልካች የሚቀበለው 4 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ልጁ ብሔራዊ ፈተናውን ችላ እንዳይል። አዲስ አበባና አዳማ ያሉት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም የራሳቸው መግቢያ ፈተና አላቸው፤ እሱም ዝግጅት ይፈልጋል። ጎረቤቴ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለች ስትተርትብኝ ከርማለች፤ መልሴ ምድር ላይም ላም አስረናል የሚል ነበር።

የእኛ ምን ሆነ? ኤምአይቲ የዋናውን ዙር ውጤት የሚያወጣው በየዓመቱ በፓይ ቀን ነው፤ የሒሳቡ ፓይ 3.14 ስለሆነ በፈረንጅ መጋቢት 14። በእኛ ሰዓት መጋቢት 5 ለ6 አጥቢያ ከሌሊቱ 7፡28 ሆነ። ጾም ነበር፤ የበላነው ሽሮ ደርቆ ትሪው ላይ ቀርቷል፤ መብራት ነበር። ስልኩን አንብባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አልነካኋትም። ትንሽ ቆይታ «ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ ጨምረሻል?» አለችኝ። አለመጨመሬን ነገርኳት። ተነሥታ ጨመረች።

ካመለከተቻቸው 9 ውስጥ 7ቱ አይሆንም አሉ፤ አንዱ ተጠባባቂ አድርጎ አስቀርቷት አልጠራትም፤ አንዱ ተቀብሏት የሰጣት ገንዘብ ግማሹን እንኳ አልሸፈነም። አሁን ብሔራዊ ፈተናውን አልፋ እዚሁ አገር ምህንድስና ትማራለች፤ ደህና ናት። ጥቅምት ላይ ኢሜይሉ ቢከፈት ኖሮ ትገባ ነበር አልልም። ምክንያት አይነግሩም፤ እኔም በማላውቀው ሰው አልከስም። የማውቀው አንድ ነገር አለ፦ የፊዚክስ መምህሯ የጻፈላትን ያህል እያንዳንዱ ልጅ ይገባዋል፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ይህን በአንድ ሰው ደግነት ላይ ጥሎት መኖር የለበትም።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ አንድ መምህር ይመደብ፤ ክፍለ ጊዜው ትንሽ ይቀነስለት። የጋይዳንስ ክፍል ያላችሁ እዚያ ላይ አድርጉት። የትምህርት ቤቱ ኢሜይል የይለፍ ቃል በደብተር ተጽፎ ከማኅተሙ ጋር በካዝና ይቀመጥ፤ ሰው ሲለቅ እንደ ቁልፍ ይረከቡት። የ12ኛ ክፍል ተማሪ በመስከረም ሲጠይቅ ከ9ኛ እስከ 11ኛ ያለው ውጤት ይሠራለት።

ያን አንድ ገጽ ደግሞ እኔ እተይብላችኋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያሠራ ትምህርት ቤት ሁሉ በነፃ ነው፤ ስካኑም ጭምር። ቁጥሩንና ማኅተሙን ይዛችሁ ኑ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ አይመቸኝም፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ሱቁ ጭር ይላል። ክረምት ላይ ከመጣችሁ ግን ትንሽ ጠብቁኝ፤ ወረቀቱን ከካርቶኑ ማውጣት አለብኝ።

ከሰላምታ ጋር
የፔዳ በሯ ባለ ፎቶ ኮፒ